ሐጂ ያላሳደሩት መጽሐፍ

እኔ የምሠራበት የጁባ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አንዱ ክፍል የወረቀት መጻሕፍት የተደረደሩበት ነው፤ ሌላኛው ጠረጴዛዎችና ጥቂት ኮምፒውተሮች ያሉበት። እኔ በሁለቱ መካከል፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስልኩን የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ነው፤ ቀጥሎ የዋይፋይ ፓስዎርድ ይጠይቀኛል። መጽሐፍ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ደስታዬን ደብቄ ኮስተር እላለሁ፤ እንዳይሸሽብኝ።

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ወረፋው ሰልችቶኝ ወጥቼ መሆን አለበት። አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። አዲስ አበባ የተማርኩት የቤተ መጻሕፍት ሙያ ነው፤ ጁባ ያመጣኝ ግን የሆቴል ሥራ ነበር። አንድ የአገሬ ሰው በኪራይ መሬት ላይ ሆቴል ሠርቶ ካሸር አድርጎ ቀጠረኝ። የመሬቱ ውል ሲያልቅ ባለ መሬቱ መጣ። አሠሪዬ ፍራሾቹንና ጄኔሬተሩን ጭኖ ወጣ፤ ግድግዳውና ጣራው፣ በእጁ የተከለው ማንጎ ሳይቀር፣ እዚያው ቀረ። ጁባ የኖረ ሐበሻ ይህን ታሪክ በሌላ ሰው ላይ አይቶታል ወይም በራሱ ደርሶበታል። እኔም ሥራ ስፈልግ ይህን ቤተ መጻሕፍት አገኘሁ።

ኃላፊዬ ደቡብ ሱዳናዊት ናት። በስደት አዲስ አበባ አድጋ፣ እዚያው ተምራ፣ ኋላ አገሯ የተመለሰች። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ ስትናደድና ስትስቅ ብቻ ወደ ጁባ ዓረብኛ ትሻገራለች። የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ነገር ያመጣችው እሷ ናት። የወረቀት መጽሐፍ እዚህ እስኪደርስ ብዙ መከራ ያያል። በካምፓላ በኩል በጭነት መኪና ይመጣል፤ በዝናብ ወራት መኪናው ጭቃ ውስጥ ይሰነብታል፤ ደርሶ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ምስጥ ይጠብቀዋል። አንድ ክረምት ምስጥ አንድ ሙሉ የሕክምና መዝገበ ቃላት ከውስጥ በልቶ ሽፋኑን ብቻ አቁሞ ትቶልን አገኘን። ኃላፊዬ ሽፋኑን አንሥታ «ኸላስ፣ በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ምስጥ የማይበላው መጽሐፍ ነው የምገዛው» አለች። እንዳለችውም ከአንድ የውጭ አከፋፋይ ጋር ተዋዋለች።

ምስጥ የማይበላው መጽሐፍ ግን ሌላ የሚበላው ነገር አለው። ይህን ለሰው ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ አልናገርም። ሰው የሚመስለው መጽሐፉ ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ ለፈለገው ሁሉ እንደ ፎቶ የሚላክ ነው። አይላክም። ቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሲገዛ መጽሐፉን አይገዛም፤ የማዋስ ፈቃድ ነው የሚገዛው። አንድ ፈቃድ ካለን በአንድ ጊዜ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ወረፋ ይይዛል። ዋጋውም አንድ ሰው ለራሱ ሲገዛ ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ፈቃዱ ያልቃል። አንዳንዱ ፈቃድ ጊዜ ሲሞላው ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ የውሰቱ ብዛት ይቆጠርና፣ የተፈቀደው ቁጥር ሲሞላ መጽሐፉ ከመደርደሪያችን ይጠፋል። እንደገና ካስፈለገን እንደገና እንከፍላለን።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል አሳታሚዎቹም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። የወረቀት መጽሐፍ እጅ ሲበዛበት ይቦጫጨቃል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሌላ ይገዛል፤ ደራሲውም ይጠቀማል። የኤሌክትሮኒኩ አያረጅም። ስለማያረጅም እርጅናን በውል ያስገቡለታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል የአገሬ ሰው። የእኛ መጽሐፍ ወረቀት አይደለምና ይለቃል። መጀመሪያ ሳነበው ውሉ አናዶኝ ነበር፤ አሁንም ሲያናድደኝ ይውላል፤ ግን ጁባ ኖሮ የኪራይ ውል የገረመው ሰው የለም።

ከአከፋፋዩ መደብር የምንመርጣቸው መጻሕፍት ከሞላ ጎደል እንግሊዝኛ ናቸው። የነርስና የአዋላጅ ተማሪዎች የሚፈልጓቸው፣ የሒሳብ አያያዝ፣ የእርሻ። እኔ ግን አማርኛም ይገባ ብዬ ወተወትኩ። ሆቴሉንና ሱቁን የያዘው ሐበሻ አለ፤ አዲስ አበባና ጋምቤላ አድገው የተመለሱ፣ ከፊደል ሁሉ የአማርኛውን ቀድመው ያወቁ የአገሩ ልጆችም አሉ። ኃላፊዬም ከእነሱ አንዷ ናትና ብዙ አልተከራከረችኝም። በአማርኛ የተገኙት ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ መካከል ስለ ሲራራ ነጋዴዎች የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ በበቅሎና በአህያ ጨው፣ ቡናና ጥጥ እያመላለሱ አገር ላገር ስለሚዞሩት ስለ እነዚያ የድሮ ነጋዴዎች። ፈቃዱ በውሰት ብዛት የሚቆጠረው ዓይነት ነበር፤ እሱ ረከስ ይላል።

ሐጂ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከወሎ ናቸው፤ ከነጭ ዓባይ ወደብ ከፍ ብሎ የዱቄትና የዘይት መጋዘን አላቸው፤ ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሐጂ እያለ ነው የሚጠራቸው። ታብሌት በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ገቡና፣ የዋይፋይም የቻርጅም ጥያቄ ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ፊደሉ የሚያድግ መጽሐፍ አላችሁ አሉ» አሉኝ።

«የሚያድግ?»

«እንዲህ እንዲህ ሲያደርጉት የሚያድግ» አሉና ሁለት ጣታቸውን አየር ላይ ገለጡ።

ታሪካቸውን ቆመው ነገሩኝ፤ ተቀመጡ ብላቸው እንኳ እምቢ አሉ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሏቸዋል። የሄደው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ እሱም እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ኑሮው ንግድ ነበርና ከደረሰኝና ከጆንያ ላይ ጽሑፍ በቀር ብዙም አላነበቡም። አሁን ዓይናቸው ሊሄድ ሲል ማንበብ አማራቸው።

የአማርኛዎቹን መጻሕፍት አሳየኋቸው። የሲራራ ነጋዴዎቹ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን ማያ ገጹ ላይ አሳረፉ። ማውጫውን በትልቁ አድርጌ ከፈትኩላቸውና ምዕራፎቹን አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እስከ መጨረሻው ወረዱ። የመጨረሻው ምዕራፍ ከወሎ ደጋ ወደ ጨው በረሃው ስለሚወርደው መንገድ ነበር።

«አባቴ በዚህ መንገድ ሄዶ ነው የቀረው» አሉኝ። «እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው። ጨው ሊያመጣ ወረደ፤ በቅሎዋ ተመለሰች፤ እሱ አልተመለሰም።»

ሲጨንቀኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ ቸኮልኩ። «ታዲያ ያን ምዕራፍ ልክፈትልዎ? ደግሞ እኮ ከፈለጉ ሰው ያነብልዎታል፤ ቤትዎ ልጆች አሉ።»

«የለም። ስለ አባቴ የማውቀውን ሁሉ ሰው ነው የነገረኝ። መልኩንም፣ ድምፁንም፣ አካሄዱንም። ይቺን መንገድ ራሴ ልያት። ደግሞ ከመጨረሻ አይጀመርም፤ ከቤት ወጥቼ ነው በረሃው የምደርሰው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «የአባቴ ስም እንደማይኖርበት አውቃለሁ እኮ። ጅል አይደለሁም።»

የቤተ መጻሕፍቱን መተግበሪያ ታብሌታቸው ላይ ጫንኩላቸው። ይህን ሲጫኑ መጽሐፉ ይመጣል፤ ይህን ሲጫኑ ይመለሳል፤ አልኳቸው። አንድ ውሰት ሁለት ሳምንት እንደሚቆይም ነገርኳቸው። ታብሌቱን በፌስታሉ መልሰው ጠቅልለው፣ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ላይ በጎን ተቀምጠው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ የደስታ ዘመን ነበር። አከፋፋዩ የትኛው መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደተዋሰ ይነግረናል፤ ማን እንደወሰደው አይነግረንም፤ የአንባቢው ምስጢር ነው። የሲራራ ነጋዴዎቹ መጽሐፍ ቁጥር በየቀኑ ከፍ ሲል አየሁ። እውነቱን ለመናገር ሰማይ ነካሁ። የጁባ ሐበሻ ማንበብ ጀመረ አልኩ በልቤ። አንዱ ወስዶ ሲመልስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሱቁ ውስጥ፣ ሆቴሉ ውስጥ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ሲራራ ያወራል ብዬ አሰብኩ። የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ የጎረቤት ጠረጴዛ ወሬ እሰማለሁ፤ ወሬው ሁልጊዜ የዶላር ምንዛሪና የአየር ትኬት ነበር። ያፍራሉ፣ ማንበባቸውን ይደብቃሉ ብዬ ይህንንም አሳመርኩት።

ኃላፊዬ ፊት ደግሞ ጎረርኩ። «አየሽ? አማርኛ ማን ያነባል ያልሽው!»

«እኔ መቼ አልኩ?» አለችኝ።

አላለችም። ግን እንዳለች ቆጥሬባት ነበር።

አንድ ጠዋት ሐጂ ታብሌታቸውን ይዘው መጡ። ፌስታሉን ፈትተው ታብሌቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ኪታቡ ማፊ ይላል» አሉኝ። የለም ማለታቸው ነው።

«ሌላ ሰው ወስዶት ይሆናል፤ አሁን ብዙ አንባቢ አለው» አልኩ፣ በኩራት። ኮምፒውተሬን ስከፍት ግን መጽሐፉ በማንም እጅ አልነበረም። ፈቃዱ አልቋል። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት! ይቆያል ብለን ያሰብነው ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር።

«እርስዎ የት ደርሰዋል?» አልኳቸው።

«መጨረሻው ምዕራፍ ጋ ደርሻለሁ። ትላንት አመሻሽ ላይ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሚያስኬደው ገበያ የሚለውን ጨርሼ፣ ነገ እንወርዳለን ብዬ ነው የመለስኩት።»

«የመለሱት?»

«መለስኩታ። ሁልጊዜ እኮ ነው የምመልሰው።» ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «አንድም ቀን ቤቴ አላሳደርኩትም።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝና ራሴን ያዝኩ። ሐጂ ጠዋት መጋዘናቸውን ሲከፍቱ መጽሐፉን ይዋሳሉ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ጥቂት ያነባሉ፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጥቂት ያነባሉ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይመልሱታል። በማግስቱ ደግሞ ይዋሳሉ። እሳቸው ባደጉበት ቤት የተዋሱት ወንፊትም ሆነ መጥረቢያ ከጀምበር በፊት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የሰው ዕቃ ቤት ያሳደረ ሰው ነገ የሚያውሰው አያገኝም። ያ ሁሉ የጁባ አንባቢ፣ ያ ሁሉ የጎረርኩበት ቁጥር፣ አንድ ሰው ነበር። ሐቀኝነታቸው መጽሐፋቸውን በላባቸው።

እኔም ጮህኩ። «እንዴ ሐጂ! ሁለት ሳምንት ያሳድሩት ብዬዎት አልነበረም?»

«ሁለት ሳምንት ይቻላል አልሽኝ። የሚቻል ነገር ሁሉ ይደረጋል?»

«እያንዳንዱ ውሰት እኮ ይቆጠራል! በመለሱት ቁጥር ነው ያለቀው!»

ሐጂ አዩኝ፤ ወይም ወደ ድምፄ ተመለከቱ። «ማታ ማታ ሌላ ሰው የሚያነበው መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቀን ሥራ የሚውል ሰው ይኖራል፣ ማታ ያግኘው ብዬ።»

ከዚህ በኋላ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ያን ቀን ተቀመጡ። ውሉን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው፤ ለሰው ሁሉ እንደማስረዳው ሳይሆን ቀስ ብዬ። መጽሐፉ የኛ እንዳልሆነ፣ የማዋስ ፈቃድ ብቻ እንዳለን፣ ያም ቁጥር እንዳለው። ሌላው ሰው እዚህ ቦታ ሲደርስ ይጣላኛል። ሐጂ ግን ወዲያው ገባቸው። «እንደ መጋዘኔ ነው በያ» አሉ። «ጣራውን እኔ አለበስኩት፤ መሬቱ ግን የሰውየው ነው።» ከዚያ ራሳቸው እንደሚገዙት ነገሩኝ። አልሆነም። ለግለሰብ የሚሸጠው መደብር ከዚህ አገር የሚመጣ ካርድ አይቀበልም፤ ሁለታችንም ያለንን መንገድ ሁሉ ሞከርን።

ሐጂ ሰው ልከው የወረቀቱን ቅጂ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አስመጡ። በሳምንቱ ይዘውት መጡ፤ አዲስ፣ ወፍራም፣ ቀለሙ የሚሸት መጽሐፍ። ከኪሳቸው አጉሊ መነጽር አወጡና የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጠው ለማንበብ ሞከሩ። ፊደሉ ደቃቃ ነው። መነጽሩን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንዷን መስመር ሳይጨርሱ መጽሐፉን ዘጉትና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ይኸው ለቤቱ ይሁን፤ ማየት የሚችል ሰው ያንብበው» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤት የሆንንበት የአማርኛ መጽሐፍ ያ ነው። ምዕራፉን ለሐጂ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ላሳድግላቸው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ጥላ እየወደቀበት፣ መስመሩ እየጠመመ፣ ለደህና ዓይን እንኳ አልተመቸም።

ወደ ኃላፊዬ ገባሁ። ፈቃዱን እናድስ ብዬ ለመንኳት።

«ያ ሁሉ አንባቢ ካለውማ ይታደሳል» አለች፤ ሪፖርቱን ከፍታ። «የሩብ ዓመቱ አንደኛ እሱ ነው።»

ዝም ብል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ግን ነገርኳት። ያ ሁሉ ቁጥር አንድ ሐጂ እንደሆኑ፣ ጠዋት ወስደው ማታ እየመለሱ እንደሆነ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች። «ወላሂ፣ ያ ኡክቲ፣ እህቴ! ይሄ ሰውዬ ብቻውን ቤተ መጻሕፍት ነው!» ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«አንድ ሰው ግን አንድ ሰው ነው» አለችኝ። «አዋላጅ ተማሪዎቹ ለአንድ መጽሐፍ ወረፋ ይዘው ስንት ሆነዋል? የቤተ መጻሕፍቱን ቦርድ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ምዕራፍ፣ ፈቃድ አድሱ ብዬው ምን ይለኛል? ማፊ ጉሩሽ ይለኛል። እውነትም ገንዘብ የለም።»

ልክ ነበረች፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ብዙ አሰብኩ። የወረቀት መጽሐፍ ቢሆን ሐጂ በቀን አሥሬ ቢመልሱት ማንም አይጎዳም። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ አንድ አንባቢ ይሁን ሺህ አይጠይቅም። የኛው ግን ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሺህ ሰው አንዴ ቢወስደውና አንድ ሰው ሺህ ጊዜ ቢወስደው ለሱ ያው ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው እዚህ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። በስተመጨረሻ እኔ እዚህ የምቀመጠው ለዚህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ለቻርጅማ ግድግዳው ይበቃል።

ከቦርዱ ስብሰባ በፊት ኃላፊዬ ጠራችኝ። ራሷም ስታስብበት ሰንብታ ነበር። አዲስ አበባ በስደት ሳለች ሰፈሯ ያለ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አንዲትን የተረት መጽሐፍ ደጋግማ እንድትወስድ ይፈቅድላት እንደነበረ፣ አስተናባሪዋ አንድም ቀን «ይቺን እኮ ጨርሰሻታል» እንዳላለቻት አወራችኝ። «ቦርዱ ፊት እውነቱን እናገራለሁ» አለችኝ። «አንድ ሰው ነው፣ ዓይኑ እየሄደ ነው እላለሁ። የኛ ሥራ ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ እነሱ ይንገሩኝ።» ተናገረችም። እንደሰማሁት ከሆነ ብዙ ተከራክረው ነው የፈቀዱት፤ የአዋላጆቹንም መጽሐፍ አብሮ ለመግዛት ግን አንድ ሌላ መጽሐፍ ሰርዘዋል። የተሰረዘው የትኛው እንደሆነ፣ ማን ይፈልገው እንደነበረ አላውቅም። አሁንም አንዳንዴ ያሳስበኛል።

ፈቃዱን ስንመርጥ እኔ በጊዜ የሚቆጠረውን አልኩ። ይወደዳል፤ ግን ሐጂ በቀን አሥር ጊዜ ቢመልሱትም አይጎድልም። ሰውን ከልማዱ ከማላቀቅ ውሉን ለልማዱ ማስተካከል ይሻላል። ክፍያው ከጁባ ወጥቶ አከፋፋዩ ዘንድ እስኪደርስ ባንኩም፣ ዶላሩም፣ ኔትዎርኩም እየተቀባበሉ አጓተቱት። ሐጂ በመካከሉ ይደውሉ ነበር። «መጣ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብለው ይዘጋሉ። ከጊዜ ወደ ጊዜ መደወላቸው እየራቀ ሄደ።

መጽሐፉ የተመለሰ ዕለት ራሴ ደወልኩላቸው። «ሐጂ፣ መጥቷል። አሁን እንደልብዎ ይመልሱት፤ ውሰቱ አይቆጠርም» አልኳቸው። አመሰገኑኝ፤ መረቁኝ። በዚያው ሰዓት መጽሐፉ ሲወሰድ ኮምፒውተሬ ላይ አየሁና ልቤ ሞላ።

ማታ አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም። ምናልባት ምዕራፉ ጥሟቸው ነው አልኩ። ቀናት አለፉ፤ መጽሐፉ እንደተወሰደ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል የጎረርኩበት ሰው እኔው፣ አሁን ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ሲቀር ፈራሁ። ሁለት ሳምንቱ ሞልቶ መጽሐፉ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ሐጂ እንደገና አልወሰዱትም።

ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ወደቡ ሄድኩ። ከጀልባዎቹ የሚወርደው ጆንያ መንገዱን ዘግቶት ከቦዳው ወርጄ በእግሬ ነው የደረስኩት። ሐጂ መጋዘናቸው በር ላይ፣ ጥላው ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታብሌቱ ጭናቸው ላይ ነበር። በሁለት እርምጃ ርቀት ቆምኩ። ዓይናቸው ወደኔ ነበር፤ አላየኝም።

«ሐጂ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አወቅኩሽ። እርምጃሽ ይቸኩላል» አሉ።

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ለምን እንዳላሳወቁኝ ጠየቅኋቸው። መጽሐፉ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው የጨለመባቸው። እኔ «መጥቷል» ስል ጊዜ ደስታዬን መስበር አቃታቸው። ልጃቸው መጽሐፉን ከፈተላቸው። ጠዋት ጠዋት ታብሌቱን አንሥተው ፊደሉን ያሳድጉታል፤ ያሳድጉታል፤ ማያ ገጹን አንድ ፊደል እስኪሞላው ድረስ። ምንም የለም። ነገ ይገለጥልኝ ይሆናል ብለው ያኖሩታል።

«ለዚያ ነው ያሳደርኩት» አሉኝ። «ሌሊት ቢበራልኝ ጠዋት ከእጄ እንዳይጠፋ።»

አለቀስኩ። ሐጂ እንዳይሰሙኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር፤ ሰሙኝ መሰለኝ፣ ወደ ወንዙ ፊታቸውን አዞሩልኝ። ሲበቃኝ ታብሌቱን ከጭናቸው ላይ አነሣሁ፤ መጽሐፉን ተዋስኩላቸው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፈትኩ። ቀድሞ ሰው እንዲያነብላቸው አይፈልጉም ነበርና ፈቃድ ጠየቅኩ።

«አንብቢ» አሉ። «ግን በእኔ አነባበብ አንብቢው። እኔ አልሮጥም።»

ጀመርኩ፤ አስቆሙኝ። ፈጠንሽ አሉኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና አስቆሙኝ። ከዚያ የእጃቸውን ጣት ይዤ ማያ ገጹ ላይ አኖርኩና፣ ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እየገፋሁ፣ መሠረተ ትምህርት እንደሚማር ጎልማሳ እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ ጠራሁ። እሳቸውም ከኋላዬ ፊደሎቹን ይሰበስቡና ቃሉን ሙሉውን ይሉታል። ደጋው አለቀ፤ ቁልቁለቱ መጣ። ነጋዴዎቹ በቅሎዎቹን አራግፈው ያሳርፋሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፤ ሙቀቱ ከታች ሽቅብ ይመጣል። ሰዎች ዘይት ሊገዙ መጥተው ቆሙ፤ ሐጂ በእጃቸው ጠብቁ አሏቸው፤ ጠበቁ። እኔ እድሜዬን ሙሉ ያልነበረኝ ትዕግሥት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አንድ ፊደል አልዘለልኩም።

የመጨረሻው አንቀጽ በረሃው ከሩቅ ነጭ ሆኖ ሲታይ፣ ነጋዴዎቹ ዞረው የመጡበትን ተራራ ለአንድ አፍታ እንደሚመለከቱ፣ ከዚያም እንደሚወርዱ ይናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ባዶ ገጽ ነው። ጣታቸው ባዶው ላይ ቆመ።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ ሐጂ።»

ከወደቡ የጫኞቹ ጩኸት ይሰማል።

«አባቴን አየሁት» አሉ። «ልክ እዚያ ጋ ዞሮ አየን፤ ከዚያ ወረደ።»

«አዎ» አልኳቸው፣ «አዩት።»